በጓሮ የተነሳ ከአክስቴ ጋር ተኳረፍን

«ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሠፈር፣ ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ። ትምህርት ጨርሼ ሥራ ካጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አክስቴ ጓሮውን አልሚው ብላ ሰጠችኝ። በአጥሩ ዙሪያ አበባ ልትከል ብላት ‹አበባ አይበላ! ባሕር ዛፍ ትከዪበት፣ ማገዶ ይሆነናል› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። እሷ በጎችና ዶሮዎች አሏት። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ ጠቡ የአበባ ብቻ አልመሰለኝም። አክስትሽ «ሥራ ፈታ አበባ ታጠጣለች» እንዳትባዪ የፈራች ይመስለኛል። አንቺ ደግሞ የራሴ የምትዪው ነገር ናፍቆሻል። ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ ቁጥቋጦ አለ፤ ሰስባኒያ ይባላል።

አበባው ቢጫ ነው፤ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። ቅጠሉ ለበግ መኖ፣ ግንዱ ማገዶ ይሆናል። የአተርና የባቄላ ዘመድ ስለሆነ በሥሩ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ይመግቡታል። አንዷን እብጠት በጥፍርሽ ስትሰነጥቂያት ውስጧ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። ጎመንሽ የሚጠቀመው ግን በአብዛኛው ቅጠሉ መሬት ላይ ሲበሰብስ ነው። ስለዚህ የቆረጥሽውን ሁሉ ለበግ አትጨርሺው።

የዘሩ ቆዳ ጠንካራ ነው፤ ፈልቶ ትንሽ የበረደ ውኃ አፍስሺበትና አሳድሪው። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ በአጥሩ ጥግ በየግማሽ ሜትሩ ዝሪ። ነሐሴ ላይ ጓሮው ውኃ ቢቋጥርም ይችለዋል። ቁመቱ ከአንቺ ሲበልጥ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ትተሽ ቁረጪ፤ ዝቅ አድርገሽ ደጋግመሽ ከቆረጥሽው ይሞትብሻል። ዕድሜው ጥቂት ዓመት ብቻ ስለሆነ ዘር መልቀም አትርሺ።

አደራ፣ ለዶሮ አትስጪ! በተለይ ጫጩት ይመርዛል። ለበጎቹም ከሣር ጋር ቀላቅዪው፤ ከመኖው ሲሶ አይብለጥ። ስለ ዘሩ የቀበሌሽን የግብርና ባለሙያ ወይም አንዳሳ ያለውን የእንስሳት ምርምር ማዕከል ጠይቂ።

ስለ ኩርፊያው ደግሞ፣ ክርክሩን ተዪው። ቡና አፍዪና «እትዬ፣ ለበጎችሽ መኖ ልዝራ» በያት። ሥራ መፈለግሽንም እንዳላቆምሽ እዚያው ንገሪያት። የሚያሳስባት እሱ ይመስለኛል።