ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አይደለም

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ለተሰኘው የሚና ጨዋታ የተሠሩ ዲጂታል መሣሪያዎች ደጋግመው የከሸፉት የዘመኑ ቴክኖሎጂ ስላልደረሰላቸው ነው የሚለው በጽሑፍ የተሰራጨ አስተያየት፣ ለአሳታሚው የሚመች ማመካኛ ቢሆንም ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2007 እ.ኤ.አ. የጨዋታውን 4ኛ እትም ሲያስተዋውቅ፣ ተራርቀው የሚኖሩ ተጫዋቾች በአንድ ካርታ ላይ የሚገናኙበትን ምናባዊ ጠረጴዛ ቃል ገብቶ ነበር፤ መጻሕፍቱ በ2008 ሲወጡ ግን ጠረጴዛው አልነበረም፣ ዘግይቶ ለሙከራ የቀረበውም በ2012 ተዘጋ። በዚያው በ2012፣ ሮል20 የተባለ በሕዝብ መዋጮ የተደገፈ አነስተኛ ሥራ በተራ የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ተከፍቶ ሰመረለት። ቴክኖሎጂው ለድሃው ደርሶ ለባለጸጋው ቀረ ካልተባለ በቀር፣ ክርክሩ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ልዩነቱ ከምኞት ልክ የመጣ ነው። ሮል20 ካርታ፣ ዳይስና መነጋገሪያ አቅርቦ ፍርዱን ለጨዋታው መሪ፣ ማለትም ታሪኩን ለሚተርከውና ደንቡን ለሚዳኘው ሰው፣ ተወለት፤ አንድ ተጫዋች ድንገት የመሸታ ቤቱን ጠረጴዛ ገልብጦ ከኋላው ልደበቅ ቢል፣ መሪው በአንድ ቃል ይበይናል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። ያንኑ ጠረጴዛ በሦስት አውታር ምስል ሲገለበጥ ለማሳየት ግን አንድ ባለሙያ አስቀድሞ ሊሠራው ይገባል። ይህን መንገድ የመረጠው የዊዛርድስ ምናባዊ ጠረጴዛ፣ ሲጊል፣ በ2025 በቀረበ በሳምንታት ውስጥ አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ተሰናበቱ።

በኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ይሠራ የነበረው የ4ኛው እትም የገጸ ባሕርይ ማዘጋጃ በ2010 ያለ ኢንተርኔት ወደማይከፈት የደንበኝነት አገልግሎት የተዛወረውም በንግድ ውሳኔ እንጂ በቴክኖሎጂ እጥረት አልነበረም።