የልጆቻችንን እሑድ ማን ወሰደው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወጣቶችና ምእመናን! ከአገር ወጥተው በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን በስልክ የሚላክልንን ምስል እናውቀዋለን። አንዲት ሕፃን በዳንስ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ትሽከረከራለች፤ አያቷ ጫግኒ ሆነው እልል ይላሉ። ሌላው ደግሞ «ልጅቱ ጠፋች» ብሎ ይፈርዳል። እልልታውም ፍርዱም ዋናውን ነገር ስተዋል።

አካልን ማንቀሳቀስ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ክብሩን ሳይቆጥር አሸብሽቧል (2ኛ ሳሙ. 6፥14)። የሄሮድያዳ ልጅም በግብዣ መካከል ዘፍናለች፤ ፍጻሜው ግን የመጥምቁ ዮሐንስ መሰየፍ ሆነ (ማቴ. 14፥6-11)። ሁለቱን የለያቸው በማን ፊትና ለማን ክብር እንደ ሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ አካልን ለምስጋና ታሰልፋለች። በጎንደር በዓታ ለማርያም አቋቋም የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ለዚሁ ብለው ዓመታትን ይደክማሉ።

እንግዲህ ወቀሳችን በሕፃኗ ላይ አይደለም፤ በወላጅ ላይ ነው። የዳንስ ትምህርት ቤቱ ክፍያ ሲጠይቅ ይከፈላል፤ ልብስና ጫማ ሲያዝ ይገዛል፤ የትርኢቱ ልምምድ እሑድ ጠዋት ነው ሲባል ቅዳሴው ይቀራል። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት አምጧት ስንል ግን «አማርኛ አይገባትም፤ ግእዙማ ጭራሽ» የሚል መልስ እንሰማለን። ወገኖቼ! የባሌ ዳንስ መጠሪያዎች በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ናቸው። ፈረንሳይኛ የማታውቅ ሕፃን «ፕሊዬ» ሲሏት ጉልበቷን ማጠፍ ከለመደች፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ማለት እንዴት ያቅታታል? ያነሰው የልጅቱ ችሎታ ሳይሆን የወላጅ ትጋት ነው። በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ በሃይማኖት ሊያሳድጓት የተቀበሉትን አደራ የትርኢት መርሐ ግብር አይሽረውም።

ይህን ስንል እኛ ንጹሓን ነን ማለታችን አይደለም። እነርሱ መንገዱ ይርቅብናል ይላሉ፤ እኛ የቅዳሴው ድምፅ ከቤታችን እየተሰማ ልጆቻችንን ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት አስቀምጠን እንውላለን። ባሕር ማዶ ያለውን ለመውቀስ አስቀድሞ የራስን ደጅ ማጽዳት ይገባል።

በውጭ ያላችሁ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ዳንስ የምትማር ከሆነ ዘፈኑንና አለባበሱን መርምሩ፤ ሰንበትን እንደማትሰጡ ገና ስታስመዘግቡ ተናገሩ። በዚያ ያላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮችም ሕፃናቱን ከኋላ አስቀምጣችሁ ዝም በሉ ብቻ አትበሏቸው፤ ወረብ አስጠኗቸው፤ ከበሮውንም አስይዟቸው። አያቶችም በሚቀጥለው ስትደውሉ «ዳንስሽን አሳዪኝ» ከማለታችሁ በፊት «መዝሙር ዘምሪልኝ» በሏት። ልጅ የምትተጋው የምትወዳቸው ሰዎች ደስ ለሚሰኙበት ነገር ነውና።

ልዑል እግዚአብሔር ልጆቻችንን በቤቱ ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።