ሳይመረጥ የሚያስተዳድር ምክር ቤት ይብቃ!



መታወቂያ ለማሳደስ፣ ስለ ቤትና ስለ ይዞታ አቤት ለማለት፣ የውሃ መጥፋትን ለማመልከት የምትሄዱት ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ ነው። ለመሆኑ የዚያን ምክር ቤት አባላት የመረጣችሁት መቼ ነበር? የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዶ የተመራጮቹ የአምስት ዓመት ዘመን በ2010 ዓ.ም. አብቅቷል። ምርጫው ግን ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግም ለወረዳና ለቀበሌ ድምፅ አልተሰጠም። በ2005 ዓ.ም. ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ይመላለስ የነበረው ልጅ ዛሬ ግብር ከፋይ ሆኗል።

«ሰላም ስላልነበረ ነው» ይሉናል። ሰላሙ ለፓርላማ ድምፅ መስጫ በበቃባቸው ከተሞች ለቀበሌ ሳይበቃ የቀረው በምን ምክንያት ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በአንቀጽ 12 ደግሞ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሕዝቡ ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ያልተመረጠን ሰው ግን ከቶ እንዴት ማንሳት ይቻላል?

የፓርላማ ውክልናችንም ከዚህ የተሻለ አይደለም። አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን የሚጠቀልልበት ሥርዓት የሕዝብን አስተያየት ያጠፋል። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ሲያሸንፍ ለኢሕአዴግ ድምፅ የሰጠው ነዋሪ ያለ ተወካይ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ወሰደ። በ2007 ዓ.ም. ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ያዙ። በመላ አገሪቱ አንድም ተቃዋሚ መራጭ አልነበረምን? በመስከረም 2009 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል በምክር ቤቶቹ መክፈቻ ቃል ገብቶ ነበር። የ2013ቱም ምርጫ ግን በዚያው በአሮጌው ቁና ተሰፈረ።

በመሆኑም ፓርቲያችን የሚከተሉትን ለመፈጸም ይታገላል፦

1. የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የጊዜ ገደብ ተቆርጦለት ይካሄዳል። በ2000 ዓ.ም. እስከ 300 እንዲደርስ የተደረገው የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ይቀነሳል።

2. በአካባቢና በከተማ ምክር ቤቶች የተመጣጣኝ ውክልና ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የአብላጫ ድምፅን የደነገገው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለሆነ ለዚህ የምርጫ አዋጁን ማሻሻል ይበቃል።

3. የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል። አንቀጽ 61 ይህን ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመውና ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ የሚያከፋፍለው አካል በክልል ሹማምንት ብቻ ሊመረጥ አይገባም።

4. ለፓርላማው ቅይጥ ሥርዓት እናቀርባለን፤ ነዋሪው የአካባቢውን ተወካይ ሳያጣ ቀሪው መቀመጫ በድምፅ መጠን ይከፋፈላል። ይህ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ይጠይቃል። በአንድ ጀንበር ይሆናል ብለን አንሸነግላችሁም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግን ያለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው፤ የጠፋው ፈቃደኝነት ብቻ ነው።

ተመጣጣኝ ውክልና መንግሥትን ያዳክማል የሚሉ አሉ። የኛ መልስ አጭር ነው፦ የሚቃወመው በምክር ቤት ውስጥ ካልተደመጠ በአደባባይ ይጮኻል፤ በአደባባይ ከታፈነም ተስፋ ይቆርጣል። አገርን የሚያዳክመው ይህ ነው።

ውድ መራጮች፣ ዝምታ ለበግም አልበጃትም። የምረጡኝ ቅስቀሳ ይዞ ደጃችሁ የሚመጣውን እጩ ሁሉ፣ የኛንም ጭምር፣ «የቀበሌያችን ምርጫ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀኑን ቆርጦ ለሚነግራችሁ ድምፃችሁን ስጡ!