«መምህር፣ ምን አሉህ?»

ባለፈው እትም ይህ አምድ የቀረው ታምሜ ነው። ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ ወድቄ ተንቀጠቀጥኩ፤ ስነቃ ተማሪዎቼ ያለቅሳሉ። ሙቭመንት ፓስ ተጠብቆ ከካኩማ ናይሮቢ ሄድኩ፤ ጭንቅላቴ በኤምአርአይ ታየ። አንዲት ነጥብ ተገኘች። አንዲት ብቻ።

«ምንድን ናት?» አልኩት ሐኪሙን። ቲቢ አንጎል ውስጥ የፈጠረው እባጭ ሊሆን ይችላል፤ የአሳማ ኮሶ ትል እጭ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል አለኝ። «እኔ እኮ አሳማ በልቼ አላውቅም!» ለካ ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሥጋው አይደለም፤ ትሉ ያለበት ሰው ከሰገራው ጋር የሚያወጣው እንቁላል ነው፤ ባልታጠበ እጅ፣ በውሃ፣ በአትክልት አድርጎ ሆዳችን ይገባል። (በጥሬ ሥጋ የምናውቀው የከብቱ ኮሶ እንኳ አንጎል አይገባም።) እንዲህ ያለች ነጠላ ነጥብ አንዳንዴ በራሷ ትጠፋለች። ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ትታያለች፤ እስከዚያ የሚጥል በሽታ ክኒን በየቀኑ፣ በድንገት ማቋረጥ የለም።

ሰው ሁሉ «ምን አሉህ?» ይለኛል። «አልታወቀም» ስል የደበቅኩ ይመስላቸዋል። አንዱ ጸበል፣ ሌላው ቡዳ ነው ይላል። ባለቤቴ ከሰል ማንደጃው አጠገብ አታስደርሰኝም፤ ሌሊት ትንፋሼን ስታዳምጥ እሰማታለሁ፣ የተኛሁ እመስላለሁ። ተማሪ «አላውቅም» ሲለኝ እቆጣ የነበርኩ ሰውዬ!

ሰኞ ክፍል እገባለሁ። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፦ ከወደቅኩ በጎኔ አስተኙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ክሊኒክ ሩጡ፤ ክብሪት ግን እንዳትጭሩብኝ።