የዲግሪ ነጥብና የሒሳብ ሙያ በር

በከበርቴው ዓለም ሥራ ፈላጊው ወጣት ነፃ ነው ይባላል። የወደደውን በር እንዳያንኳኳ የሚከለክለው ሕግ የለም። ዳሩ ግን በብሪታንያ ታላላቅ የሒሳብና የኦዲት ድርጅቶች ደጃፍ ለረጅም ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር፤ «ዲግሪህ በየትኛው ማዕረግ ነው?» የሚል። የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂዎቻቸውን በአንደኛ ማዕረግ፣ በሁለተኛ ማዕረግ ላይኛና ታችኛ እርከን፣ እንዲሁም በሦስተኛ ማዕረግ ይመድባሉ። የሁለተኛው ማዕረግ ላይኛ እርከን እንደ ልማዱ ከመቶ 60 ይጀምራል። ከዚያ በታች ያገኘ ወጣት በአብዛኞቹ ድርጅቶች ዘንድ ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቅ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ነጥብ የሚለካው ምንን ነው? የሒሳብ ዕውቀትን ነው እንዳይባል፣ ድርጅቶቹ የሚቀጥሩት በሒሳብ አያያዝ የተመረቀውን ብቻ አይደለም። በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ ተመርቆ 60 ያገኘው ሲገባ፣ ሒሳብ አያያዝን ራሱን አጥንቶ 58 ያገኘው ከደጅ ይቀር ነበር። ከዚህም በላይ ተቀጣሪው ባለሙያ የሚሆነው በዲግሪው አይደለም። ለ3 ዓመት ያህል በነባር ባለሙያዎች ሥር እየሠራ የሙያ ማኅበሩን ተከታታይ ፈተና ማለፍ አለበት። ሙያው የራሱ ፈተና እያለው ከፈተናው በፊት ሌላ አጥር ማቆም ያስፈለገበትን ምክንያት ከሙያው ውስጥ ፈልገን አናገኘውም፤ ከሙያው ታሪክና ከኅብረተሰቡ አወቃቀር እንጂ።

የእንግሊዝና የዌልስ ቻርተርድ አካውንታንቶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1880 በንጉሣዊ ቻርተር ሲቋቋም፣ ወደ ሙያው የሚገባው ወጣት በውል የታሰረ ለማጅ ነበር። ውሉን ለማግኘትም ቤተሰቡ ለአሠልጣኙ ባለሙያ ገንዘብ መክፈል የተለመደ ነበር። የላብአደሩ ልጅ ከዚያ ገንዘብ ፊት ሲደርስ ጉዞው አበቃ። ገንዘብ ብቻም አልነበረም። ሜሪ ሃሪስ ስሚዝ የተባለችው የሒሳብ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1891 አባል ለመሆን አመልክታ በሴትነቷ ተከለከለች፤ የተቀበሏት በ1920 ነው። ችሎታዋ በእነዚያ 29 ዓመታት ውስጥ ድንገት የበቀለ አልነበረም። በዚህ የተዘጋ በር ምክንያት ነበር እ.ኤ.አ. በ1904 ስምንት ባለሙያዎች ሙያውን ለብዙኃኑ ለመክፈት የለንደን የሒሳብ ባለሙያዎችን ማኅበር የመሠረቱት። ዛሬ ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. በሚል ስም የምናውቀውና ፈተናውን የአዲስ አበባ ወጣቶች ጭምር የሚወስዱት ማኅበር ዘሩ ከዚያ ነው።

የዲግሪ ማዕረግ የዚያ የመግቢያ ገንዘብ ቀጥተኛ ወራሽ ነው አንልም። የሚሠራው ሥራ ግን ይመሳሰላል። የብሪታንያ መንግሥት ያቋቋመው የማኅበራዊ ተንቀሳቃሽነትና የሕፃናት ድህነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ባወጣው ጥናት፣ በተመረጡ የሕግ፣ የሒሳብና የፋይናንስ ድርጅቶች በ2014 ከተሰጡት የሥራ ዕድሎች እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት በክፍያ ወይም ተማሪ መርጠው በሚያስገቡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሩ ወጣቶች እንደነበር ገልጿል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ከሕዝቡ የሚይዙት ድርሻ 7 እና 4 በመቶ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ኧርነስት ኤንድ ያንግ የዲግሪ ማዕረግን ከመግቢያ መስፈርቱ እንደሚያነሣ አስታወቀ። በከፍተኛ ትምህርት የተገኘ ውጤት በኋላ በሚወሰደው የሙያ ፈተና ከሚገኝ ውጤት ጋር እንደሚዛመድ ማስረጃ አላገኘሁም ሲል ራሱ መሰከረ። ፕራይስዋተርሀውስኩፐርስም እ.ኤ.አ. በ2022 የሁለተኛ ማዕረግ ላይኛ እርከን ግዴታውን አነሣ። ይህን ከበርቴው ያደረገው በርኅራኄ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የዋህ ነው። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በአንደኛ ማዕረግ የሚመረቁት እ.ኤ.አ. በ2010/11 ከ100 ወደ 16 ገደማ የነበሩት ከ10 ዓመት በኋላ ከሲሶ በላይ ሆነዋል። ሁሉን የሚያሳልፍ ወንፊት ለባለቤቱም አይጠቅምም። በዚህ ላይ አጥሩ ፈርሶ አላለቀም፤ ወደ ውስጥ ተዛወረ እንጂ። ከላይ የጠቀስነው ጥናት እንዳመለከተው በቃለ መጠይቁ ጠረጴዛ ላይ የሚፈለገው «ተሰጥኦ» በአብዛኛው በራስ መተማመንና የአነጋገር ለዛ ነው፤ ይህም በቤትና በትምህርት ቤት የሚወረስ ሀብት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ በሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ «ጠቅላላ አማካይ ነጥብ 3.00 እና ከዚያ በላይ» የሚል ሐረግ ማንበብ እንግዳ ነገር አይደለም። ለመመረቅ 2.00 በቂ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ከመቶ 50 አግኝቶ ማለፍ አለበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ 3.00 ከየት መጣ?

ሁለት ተማሪዎችን እናስብ። አንደኛዋ ከገጠር መጥታ፣ ትምህርቱ የሚሰጥበትን እንግሊዝኛ እየታገለች በመጀመሪያው ዓመት 2.20 ታገኛለች፤ ቀጥሎ 2.60፣ ከዚያ 3.10፣ በመጨረሻው ዓመት 3.50። ሁለተኛው በ3.50 ይጀምርና 3.10፣ 2.90፣ 2.50 እያለ ያሽቆለቁላል። የየዓመቱ ትምህርት ክብደት እኩል ከሆነ የእርሷ አማካይ 2.85፣ የእርሱ 3.00 ይሆናል። ኦዲትንና የወጪ ሒሳብን የመሳሰሉት የሙያው ጠንካራ ትምህርቶች በብዛት የሚሰጡት በኋለኞቹ ዓመታት ነው። እንግዲህ ሙያውን ይበልጥ የምታውቀው ከውጭ ትቀራለች፤ እየረሳ የመጣው ይገባል። ማንኛውም የሒሳብ ሠራተኛ አማካይ ቁጥር ምን ያህል ሊደብቅ እንደሚችል ያውቃል፤ የቅጥር ክፍሉ ግን የራሱን ሠራተኛ አልጠየቀም።

ይህ ማለት ግን ነጥብ ከነአካቴው ይጣል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ተራማጅ ነን ከሚሉ አንዳንድ ወገኖች ጋር እንለያያለን። በቢሮክራሲው ውስጥ ዘመድ የሌላት የገበሬ ልጅ ብቸኛ ምስክሯ በማኅተም የተረጋገጠው ያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ተነሥቶ በምትኩ ሌላ ግልጽ መለኪያ ካልተተካ፣ ክፍት ቦታውን የሚሞላው የስልክ ትእዛዝና የአማች ልጅ ይሆናል። ለንደን ላይ ነጥቡን ያነሡት ድርጅቶች በምትኩ የራሳቸውን ፈተና አዘጋጅተዋል፤ እኛ ዘንድ ፈተናው በስም ብቻ ቢኖር ጉዳቱ ከነጥቡ ጉዳት ይከፋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሒሳብ ሰው ዘወትር የሚጠይቀውን ነው፤ ማስረጃ። ደጋፊ ሰነድ የሌለው ወጪ በኦዲተር ፊት አይጸናም፤ 3.00 የሚለውም ቁጥር የራሱ ሰነድ ይቅረብለት። ባለፉት ዓመታት በ3.00 እና ከዚያ በላይ የተቀጠሩት፣ ነጥባቸው ዝቅ እያለ በልዩ ልዩ ምክንያት ከገቡት ጋር በሥራ ላይ ተነጻጽረዋል ወይ? የማን መዝገብ ሲመረመር ስሕተት በዛ? የባንክ ማስታረቂያውን በወቅቱ የዘጋው ማን ነው? እስከዚያ ድረስ ግን በየማስታወቂያው ላይ ከነጥቡ ጎን የሥራ ፈተናው ቀንና ይዘት ይጻፍ፤ 2.85 ያላትም ትፈተን፤ የመልስ ወረቀቱ በስም ሳይሆን በቁጥር ይታረም፤ ውጤቱም ማስታወቂያው በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።