ቁርቁራው አይነቀል፣ ይዳቀል!



እንደሚታወቀው ከማኅበራችን አዳራሽ ጀርባ ያሉት የቁርቁራ ዛፎች ተነቅለው በምትካቸው ማንጎ ይተከል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይወሰናል። እኛ ግን ከወዲሁ ቁርቁራው አይነቀል እንላለን።

«እሾኹ ልጅ ይወጋል፤ ፍሬውም ከድንጋዩ በቀር ምን አለው?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን ማንጎ ችግኝ ሳለ ውኃ ይፈልጋል። በበጋ ቦኖ ላይ ጀሪካን ደርድረን ስንውል ለችግኙ ማን ሊቀዳለት ነው? ቁርቁራ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ድርቁን ይችላል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው እንዳይደርስብን።

የፍሬው ነገር መላ አለው። የጣፋጩን ዛፍ ፍሬ ብንዘራ የሚበቅለው ጣፋጭ ለመሆኑ ዋስትና የለም። ዐይኑን ወስደን ብናዳቅል ግን ያው የእናቱ ፍሬ ይገኛል። በህንድ አገር የቁርቁራን ዘመድ በዚሁ ዘዴ እያባዙ ትልልቅ ፍሬ ለገበያ ያቀርባሉ።

አሠራሩም ያን ያህል አይከብድም። ዛፉ ዝናብ ሳይገባ ወገብ ላይ ይቆረጣል። ካቆጠቆጠው ውስጥ ጠንካራው ሁለት ሦስቱ ብቻ ይቀራል። እርሳስ ሲያክልና ልጣጩ በቀላሉ ሲላቀቅ፣ በስለታም ንጹሕ ቢላዋ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች ይበጣል። በዕለቱ ከጣፋጩ ዛፍ ከተቆረጠ ቀንበጥ አንድ ዐይን ከነልጣጩ ተነሥቶ ይገባበታል፤ ዐይኑ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ በላስቲክ ጠበቅ ብሎ ይታሰራል። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ከሆነ ይዟል ማለት ነው፤ ከበላዩ ያለው ይቆረጣል። ከበታቹ የሚያቆጠቁጠውን መልቀም የግድ ነው። ያለዚያ የጫካው ያሸንፈውና ልፋቱ ከንቱ ይቀራል።

ሁሉም ይይዛል ብለን አንዋሽም። ስለዚህ ዘንድሮ በሦስት ዛፍ ብቻ ይሞከር፤ ሌላው ይቆይ። ጣፋጩ የቱ ነው ለሚል፣ ልጆቻችንን ይጠይቅ፤ ድንጋይ የሚበዛበት እሱ ነው።

በስብሰባው ዕለት እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እንድታስቡበት አደራ እንላለን። ዛፍ ለመንቀል ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ለማሳደግ ግን ዓመታት ይፈጃል።