የዓመቱን ወራት በደብተር ስለ መያዝ

በችሎት ፊት የቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ቀኑ ያልተጻፈ ነገር ለክርክር እንጂ ለፍርድ አይረዳም። ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ ድርቅ ወይም ስለ አንድ ከባድ በረዶ ሲመሰክሩ፥ አንዱ በእገሌ ሹመት ዘመን ነበር ሲል ሌላው ከዚያ አስቀድሞ ነው ይላል። ሁለቱም እውነተኞች ሲሆኑ ነገራቸው አይገጥምም። ይህም የሚሆነው ከመዋሸት ሳይሆን ካለመጻፍ የተነሣ ነው። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ለቤተሰብ የምናቀርበው ምክር፥ በየቤቱ አንድ ደብተር ተገዝቶ የዝናቡ፣ የአበባው፣ የወፉና የእህሉ ነገር ከነቀኑ እንዲጻፍበት ነው። ምሳሌውንም ከአዊ ምድር፥ ከእንጅባራና ከዳንግላ እንወስዳለን።

ይህ ሥራ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ልማድ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የአባቶቻችንን ትምህርት መለስ ብሎ ይመልከት። ሊቃውንቱ ዓመቱን በአራት ከፍለው፥ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን መጸው፤ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን በጋ፤ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ጸደይ፤ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ክረምት ብለው ሰይመውልናል። ክረምቱንም እንደ ገና ከፋፍለው አንዱን ክፍል የዘርና የደመና፥ ሁለተኛውን የመብረቅና የነጎድጓድ፥ ሦስተኛውን እጓለ ቋዓት ብለውታል። እጓለ ቋዓት ማለት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። እንግዲህ የቁራ ጫጩት ሳይቀር ጊዜው ተመልክቶ በቤተ ክርስቲያን ዘመን መቍጠሪያ የገባ ከሆነ፥ የአገራችን ሰው ተፈጥሮን መመልከት እንግዳው አይደለም። የጐደለው፥ በየቤቱና በየመንደሩ የታየውን በየዓመቱ መጻፍ ነው።

ዳንግላ በዚህ ነገር ልዩ ታሪክ አለው። በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ኖረ። ይህ ሰው የመንግሥቱን ሥራ ሲሠራ ሳለ ወፎችን እያጠና፥ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ ይለካና ይጽፍ ነበር። የጻፈውም ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የሚናገር መጽሐፍ ሆኖ በ1936 ዓ.ም. በሎንዶን ታተመ። ከእርሱም አስቀድሞ ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. ከአዊ ምድር ጎረቤት ወደ ሆነው ወደ ግሽ ዓባይ በመጣ ጊዜ፥ ባሉጋኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሠዓሊ በአገራችን ጉዞው አብሮት ሆኖ ያገኙትን ዕፅዋት ይሥልለት ነበር። እነዚህን እንግዶች እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን መንገዱን የመራ፣ የዛፉን ስም የነገረ፣ ወፉ መቼ እንደሚመጣ ያስረዳ የአገሩ ሰው ነበር። ዕውቀቱ የእኛ ሆኖ ብዕሩ የእንግዳ መሆኑ ሊያስቆጨን ይገባል።

ደብተሩን ለመያዝ ብዙ ወጪና ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። በየቀኑ ሦስት መስመር ይበቃል። በመጀመሪያ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ይጻፍ። ቀጥሎ የታየው ነገር ይጻፍ። በመጨረሻም ጸሐፊው በዓይኑ ያየው እንደ ሆነ «አየሁ»፥ ከሌላ ሰው የሰማው እንደ ሆነ «ሰማሁ» ብሎ ይለይ፤ ይህ መለየት ለምስክር እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለደብተርም ያስፈልገዋልና። ስሙ ያልታወቀ አበባ ወይም ወፍ ሲገኝ በእርሳስ ይሣል፤ ሥዕሉ ባያምርም የቅጠሉን ቅርጽና የምንቃሩን ርዝመት ያስታውሳል። ደግሞም ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጠይቆ ስሙን በአማርኛም በአዊኛም ጎን ለጎን መጻፍ መልካም ነው፤ ስሙ ከጠፋ ነገሩን የሚፈልገው አይገኝምና።

አሁን በየወራቱ ምን ምን ሊጻፍ እንደሚገባ በአጭሩ እንናገራለን።

በመስከረም የክረምቱ መጨረሻ ከመጸው መጀመሪያ ጋራ ሲገናኝ፥ የመጀመሪያው አደይ አበባ የታየበት ቀንና ኮረብታው በሙሉ ቢጫ የሆነበት ቀን ለየብቻ ይጻፉ። የመስቀል ወፍም እንዲሁ። ብዙ ሰው ይህች ወፍ ከበዓሉ በኋላ አገር ለቅቃ የምትሄድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ወፍ የመረመሩ ሰዎች እንደሚያስረዱት፥ ወንዱ በመራቢያው ወራት ያጌጠበትን ላባ ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ያጌጠው ወፍ መጀመሪያ የታየበትና መጨረሻ የታየበት ቀን ይመዝገብ። ነቢዩ ኤርምያስ ጊዜዋን እንደምታውቅ የመሰከረላት ሽመላም የኤውሮፓን ብርድ ሸሽታ ወደ አፍሪካ የምትመጣው በመጸው ነው። ኑጉ ሲያብብ፣ ንቡ ሲበዛ፣ ማሩ ሲቈረጥ፣ ዋንዛው ነጭ አበባውን ሲያረግፍ ቀኑ አይታለፍ። እንጅባራ ኮሶበር ተብላ መጠራቷም ከኮሶ ዛፍ ጋራ ያላትን ዝምድና ይነግረናል። እንግዲህ በቤታችሁ አጠገብ ስንት የኮሶ ዛፍ ቀርቷል? ከእነርሱስ ቀላ ያለ አበባ የሚይዘው ሴቴው የትኛው፥ ወንዴውስ የትኛው ነው? ይህን ቈጥሮ መጻፍ ለአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃ ደስ የሚል ሥራ ነው።

በበጋ ወራት ማለዳ ተነሥቶ ሣሩን መመልከት ይገባል፤ ውርጭ የወደቀበት ሌሊት ተለይቶ ይጻፍ፥ ድንችና ባቄላ ተጎድቶ እንደ ሆነም ይጨመር። በእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ከጥንት እሳተ ገሞራ ጕድጓድ የተፈጠረ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በዳር ካለው አንድ የማይነቃነቅ ድንጋይ እስከ ውኃው ድረስ ያለውን ርቀት በክንድ ለክቶ ይጻፍ፤ በሚመጣው ዓመትም በዚያው ቀን ይለካ። የሰፈሩ ምንጭ የቀነሰበትና የደረቀበት ቀን፣ የዶንዶር ፏፏቴ የቀጠነበት ጊዜም እንዲሁ ነው። ጥር 23 ቀን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር፥ ለበዓል የወጣ ሰው ፈረሶቹ የወፈሩ ወይም የከሱ መሆናቸውን፣ ሜዳው ለምለም ወይም ደረቅ መሆኑን ይጻፍ። በዓሉ በየዓመቱ በአንድ ቀን ስለሚውል፥ ዓመትን ከዓመት ለማስተያየት እንደ ሚዛን ያገለግላል።

በጸደይ ወራት የመጀመሪያው ነጎድጓድ የተሰማበትና የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ያራሰበት ቀን ይጻፍ። እንግዶቹ ወፎች ወደ ሰሜን የሚመለሱትም በዚህ ወራት ነው። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በእንጅባራ ሚያዝያ 11 ቀን ገደማ፥ በቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ትቆምና የቆመ በትር ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ 18 ቀን ገደማ ድረስ የቀትሩ ጥላ ወደ ሰሜን መውደቁን ትቶ ወደ ደቡብ ይወድቃል። አባቶች ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ሰዓት ያውቁ እንደ ነበር ለልጆች እየነገሩ፥ አንድ ቀጥ ያለ በትር በግቢ ተክሎ በየሳምንቱ ጥላውን መለካት ከብዙ ትምህርት ይበልጣል።

በክረምት ወራት ዋናው ሥራ ዝናቡን መለካት ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ አፉና ታችኛው ወርዱ እኩል የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ጠፈር ርቆ በግልጥ ቦታ ይቀመጥ። በየማለዳው በአንድ ሰዓት የውኃው ጥልቀት በማስመሪያ ተለክቶ ይጻፍና ጣሳው ይደፋ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። በረዶ ሲወርድ የፍሬው መጠን በባቄላ ወይም በሽንብራ ተመስሎ ይጻፍ። የቀርከሃው ቡቃያ ከመሬት ብቅ ሲል በአጠገቡ በትር ተክሎ በየቀኑ ስንት ጣት እንዳደገ መለካት ልጆችን እጅግ ደስ ያሰኛቸዋል። የግልገል ዓባይ ውኃ የደፈረሰበትና የጠራበት ቀንም ይታወቅ።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱን ከዚያው ከአዊ ምድር እናገኘዋለን። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በእርሻቸው ተክለው፥ ከሰል እያከሰሉ ብዙ ጥቅም አግኝተውበታል፤ የተራቈተውም መሬት ደን ለብሶ ታይቷል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ብዙ ቤተሰብ ተጎዳ። እንዲህ ያለ በሽታ በሚነሣበት ጊዜ የመጀመሪያው ቅጠል በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ከምን ዓይነት ዝናብ በኋላ እንደ ጠወለገ የሚናገር ደብተር በየቤቱ ቢኖር፥ ለገበሬውና ለመርማሪው እንዴት ያለ ምስክር በሆነ ነበር!

ስለ ቀርከሃውም እንዲሁ ነው። በእንጅባራ አካባቢ ለቤት፣ ለአጥርና ለወንበር የሚሆነው የደጋ ቀርከሃ በየዓመቱ አያብብም፤ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቈይቶ በአንድነት ያብባል፥ ካበበም በኋላ ይደርቃል። አባት ያየውን ልጅ ሳያይ ሊቀር ይችላል። ልጁም ቀርከሃው በድንገት ሲያብብ መልካም ምልክት መስሎት ደስ ይለዋል፤ በእውነቱ ግን አዲስ ለመትከልና ዘሩን ለመሰብሰብ የሚፋጠንበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው በቀን የተጻፈ ደብተር ነው።

እንግዲህ ባለ ሥልጣን ሥራው ብዙ፥ እመቤቲቱም የቤቷ ጣጣ የበዛ ቢሆን፥ ከእራት በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ልጆቹን ሰብስቦ «ዛሬ ምን አያችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይከብድም። ከልጆቹ መጻፍ የሚችለው ይጻፍ፤ ትንሹ ይሣል፤ አያት ስሙን ይንገሩ። ጸሐፊው ሳይመቸው የቀረበት ቀን ቢኖር ባዶውን ይተወው እንጂ በግምት አይሙላው። ዓመቱ በተፈጸመ ጊዜም ደብተሩ ከቤቱ ውልና ከርስቱ ወረቀት ጋራ በአንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ ውሉ የመሬቱን ወሰን ሲናገር ደብተሩ የመሬቱን ጠባይ ይናገራልና። ለመጀመር ዕንቍጣጣሽን መጠበቅ አያስፈልግም። የዛሬው ማለዳ ደመናማ ነበርን ወይስ ብሩህ? የመጀመሪያው መስመር ይኸው ነው።